ወንድሜ የጣለው ክኒን

ታላቅ ወንድሜ የውሻዬን መድኃኒት ሽንት ቤት ጨምሮ በምትኩ ሚጥሚጣ አበላት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ። እኔ ከሚስቴ ጋር አገሯ ካምባ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ውሻዋ የወንድሜን ሚስት ባት ቦጭቃ፣ ሙዝ ግንድ ላይ በሰንሰለት ታስራ፣ አፏ በአረፋና በደም ተለውሶ አገኘኋት።

ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በሰፈራችን ነገሩ የሚወራው እኔ የወንድሜን ክንድ ከሰበርኩበት ጀምሮ ስለሆነ ነው። ክንዱን ሰብሬአለሁ፤ አልክድም። ግን ከዚያ በፊት የሆነ ነገር አለ።

ማሳችን ከአርባ ምንጭ በታች፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። አባታችን ሲሞት ለሁለት ተከፈለ። በመሃል አንድ የውሃ ቦይ ያልፋል እንጂ አጥር የለም። ዝንጀሮ በቀን ይመጣል፣ ከርከሮ ሲመሻሽ ይመጣል፤ ውሻ የሌለው ሰው ሙዝ የሚተክለው ለእነሱ ነው። ውሻዋ የእኔ ናት፤ የምትጠብቀው ግን የሁለታችንንም ማሳ ነው።

በየማሳው ውሻ ክፉ እንዲሆን የሚደረገው የታወቀ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል። ሰው እንዳይለምድ ይደረጋል። ሥጋ ሲገኝ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ይሰጠዋል። ይገረፋል፤ የተገረፈ ውሻ ሌባ ይጠላል ይባላል። እኔም ከጨንቻ ገበያ በከረጢት ያመጣኋትን ቡችላ አንድ ዓመት ሙሉ በቃጫ ገመድ ገርፌአታለሁ። አጥፍታ አይደለም። ሥራዋን እያስተማርኳት መስሎኝ ነው። እኔንም ሥራ ያስተማሩኝ እንዲሁ ነው፤ ወንድሜ ትምህርት ቤት ሲሄድ እኔ ሙዝ ተሸክሜ መኪና ላይ እጭን ነበር፤ ዘለላ ከጣልኩ አባቴ በዚያው በሙዝ ቅርፊት ጀርባዬን ያነደው ነበር።

ውሻዋ ክፉ አልሆነችም። የሆነችው ሌላ ነገር ነው። የሰው ኮቴ ስትሰማ ወይ ትነክሳለች ወይ ትሸናለች፤ የትኛውን እንደምታደርግ እሷም የምታውቅ አትመስልም። ዝንጀሮ ስታይ ከእኔ ቀድማ ትሸሻለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ መጣ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ዘግቼባት ነበር። ስከፍት የቆርቆሮውን በር በጥርሷ ቀድዳ አንገቷን አስወጥታ፣ እዚያው ተሰክታ ቀርታለች። ሁለት ጥርሷ መሬት ላይ ወድቋል። የታችኛው ከንፈሯ ለሁለት ተከፍሏል። ላወጣት ስል እጄን ያዘችኝ፤ እኔም በቡጢ ጎኗን መታሁ፤ መትቼም ነው ያወጣኋት። በማግስቱ ጭራዋን ራሷ እስከ አጥንቱ በልታው አገኘሁ።

ያኔ ነው ወደ እንስሳት ክሊኒክ የወሰድኳት። ሐኪሟ ከሰሜን የመጣች፣ ትምህርቷን እዚሁ ጨርሳ እዚሁ የተቀጠረች ልጅ ናት። ከበሬና ከፍየል በቀር የሚያመጣላት የለም። ጭራዋን አሰረች፣ ከንፈሯን ሰፋች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ጋሼ፣ ማነው የሚመታት?"

"ማንም አይመታትም።"

"እጅዎን ባነሱ ቁጥር ሆዷ መሬት ይነካል።"

"ዝንጀሮ ነው እንዲህ ያደረጋት" አልኩ።

የጀርባዋን ፀጉር በሁለት ጣት ገልጣ ሰንበሩን አሳየችኝ። "ዝንጀሮ ገመድ ይይዛል እንዴ?"

መልስ አልጠበቀችም፤ መናገሯን ቀጠለች። ይህ ክፋት አይደለም፣ በሽታ ነው አለች። ፍርሃቱ ውስጧ ገብቶ አልወጣ ብሏል። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ የሰው የጭንቀት መድኃኒት ነው፣ ለውሻም ይሆናል፣ ልኩን በክብደቷ አደርግልዎታለሁ አለች።

"አያደነዝዛትም?"

"መጀመሪያ ሰሞን ትፈዛለች፣ ምግብም ትጠላ ይሆናል። ያልፋል። የሚሠራው ግን ነገ አይደለም፤ ወር፣ ወር ተኩል ይፈልጋል። ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ ትወስደዋለች። ድንገት ካቋረጡባት ከበፊቱ ትብሳለች።" ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ዱላው ካልቆመ ደግሞ ክኒኑን እርስዎ ይዋጡት፣ ጋሼ። ለሷ አይጠቅማትም።"

የልጄ እኩያ ናት። እንዲህ ብሎኝ ጥርሱን ይዞ የሄደ ወንድ የለም።

ክሊኒኩ የውሻ ሚዛን አልነበረውም። ሙዝ መረከቢያው ጋ ወስጄ፣ ከረጢት ውስጥ ጨምሬ፣ የሙዙ ሚዛን ላይ ሰቀልኳት። ከረጢቱ ይጮሃል፣ ይወራጫል። ጫኞቹ ሥራ አቁመው ከበቡን።

"ይሄ ስንተኛ ደረጃ ሙዝ ነው?" አለ አንዱ።

"የበሰለ ነው፣ ያዝ አድርገው፣ ይፈሳል" አለ ሌላው። እውነትም በከረጢቱ ቀዳዳ ሽንቷ ፈሰሰበት። አንዱ ሊያስቀኝ ከረጢቱን በእርግጫ ነካ አደረገው። አንገቱን ይዤ ከመኪናው ጎን ጋር አላተምኩት። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ከሳምንት በፊት ራሴ ጎኗን ደቁሼው ነበር።

መድኃኒት ቤቱ የአንድ ከስልጤ የመጡ ሰውዬ ነው። የሐኪሟን ወረቀት አንብበው ቀና አሉ።

"ለማን ነው?"

"ለውሻ።"

"ለውሻ ጭንቀት።"

"አዎ።"

"ወላሂ፣ ስድስት ልጅና አንድ አማት ቤቴ አሉ፣ ለኔ ማንም ይህን አላዘዘልኝም" አሉና እያጉረመረሙ ፈልገው ሰጡኝ።

ሐኪሟ አንድ ሌላ ወረቀት በትልልቅ ፊደል ጽፋልኝ ነበር። በየጠዋቱ አንድ። ከምግብ ጋር። በድንገት አይቋረጥ። እኔ ማንበብ የጀመርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ተብሎ ተጽፎ፣ ሌላ ሰው ሳያነብልኝ ያነበብኩት ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በምስማር መታሁት።

ክኒኑን የምሰጣት በኩርኩፋ ነው። ሚስቴ የበቆሎ ዱቄትና የሽፈራው ቅጠል አድቦልቡላ ስትቀቅል አንዷን ድቡልቡል ለሷ ትተዋለች፤ እኔ በጣቴ ሸንቁሬ ክኒኑን እከትበታለሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት አልበላም አለች፤ ጥላ ሥር ተጋድማ ትውላለች። ወንድሜ ቦዩን ተሻግሮ መጥቶ አያት።

"ገደልካት እኮ" አለ።

"አልገደልኳትም። ቆይ።"

"ውሻ ናት ወይስ ፍየል? ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና አትልም።"

ዱላውን አቆምኩ። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ያቺ ልጅ ስለሰደበችኝ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ነጎድጓድ ሲመጣ አልጋ ሥር ገብታ ተንቀጠቀጠች፤ ሲያባራ ግን ራሷ ወጥታ ውሃ ጠጣች። በሦስተኛው ወር አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ የወንድሜ ማሳ ውስጥ ገባ። እስከ ቦዩ ማዶ አባረረችው፣ ስጠራትም ተመለሰች። እግሯን ዘርግታ በጎኗ የተኛችውን ያኔ ነው ያየሁት። አራት ዓመት አብራኝ ስትኖር በጎኗ ተኝታ አይቻት አላውቅም። ቆሜ አየኋት፤ ከዚያ ሄጄ ቦይ ቆፈርኩ።

ወንድሜ ግን ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው። መንገደኛ አትነክስም። ሰዎች ማሳው ውስጥ ያልፋሉ፣ እሷ ሁለት ጊዜ ጮሃ ትተዋለች። ይህ ለሱ ውርደት ነበር። ጠላ ቤት "የእብድ ክኒን የምትውጠው ውሻ ማሳ" እያሉ ስቀውበታል። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

ሚያዝያ ላይ የሚስቴ እናት ካምባ ሞቱ። አራት ቀን እንቆያለን ብለን ነበር። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ አሥራ ዘጠኝ ቀን አስቀረን። ከመሄዴ በፊት ብልቃጡን ለወንድሜ በእጁ ሰጠሁት።

"በየጠዋቱ አንድ፣ በኩርኩፋ። ሚስትህ ታውቃለች። እንዳታቋርጥባት። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ።"

"ማንበብ እኔን ነው የምታስተምረኝ?" አለ። "አንተ ፊደል ሳትቆጥር እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።"

እውነቱን ነው። ጨርሷል። እኔ ሙዝ ስጭን ነው የጨረሰው።

ስመለስ ግቢው ዝም ብሏል። መጀመሪያ የሰማሁት ሰንሰለቱን ነው። ቀረብ ስል ዘለለችብኝ። ሰንሰለቱ አንገቷን መልሶ መሬት ላይ ጣላት፤ ተነስታ እንደገና ዘለለች፤ እንደገና ጣላት። አታውቀኝም። ቆዳው የተላጠ አንገቷ ላይ ዝንብ ተሰብስቧል። ከፊቷ ያለው ገበታ ላይ የሽንፍላ ትራፊ አለ፤ በሚጥሚጣ ቀልቷል። ውሃ የለም። አጠገቧ የወንድሜ የወይራ ዱላ ግንዱን ተደግፎ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቆበታል።

ወንድሜ በቦዩ ማዶ በገጀራ ሙዝ እየቆረጠ ነበር።

"መድኃኒቷስ?" አልኩት።

"ሽንት ቤት ነው። የሰው መሳቂያ ሆንኩ በቃ። ውሻ ውሻ ትሁን ብዬ ነው።"

"ወረቀቱን አላነበብክም?"

"አንብቤዋለሁ።"

ይህችን ቃል ነው ያልቻልኳት። አላነበብኩም ቢል ኖሮ ምናልባት እሰድበው ነበር። ቦዩን ዘልዬ ተሻገርኩ። እሱ ገጀራውን ጥሎ አካፋ አነሳና ቀኝ ጆሮዬን በጠፍጣፋው አጮለኝ፤ ያ ጆሮዬ ዛሬም በወጉ አይሰማም። ወደቅኩ። ሁለተኛውን ሲያነሳ እግሩን ጎትቼ ጣልኩት፤ ጭቃው ውስጥ ተንከባለልን። ጣቱን አፌ ውስጥ አግኝቼ ነከስኩት፤ ደሙን ቀመስኩ። ክንዱን ከጉልበቴ ሥር አድርጌ በአካፋው እጀታ መታሁ፤ ድምፁ ደረቅ ነበር፤ እሱ አልጮኸም፤ የጮኸችው ሚስቱ ናት። እግሯ በፋሻ እንደተጠመጠመ እያነከሰች መጥታ ነበር። ከዚያ የእሱን ገጀራ ከመሬት አነሳሁ።

ምን ላደርግበት እንደነበር አውቃለሁ። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም።

የታችኛው ማሳ ባለቤት አንድ ሽማግሌ አሉ። እየሮጡ መጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። መንገድ ላይ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነጭተዋል። በእኔና በእሱ መሃል ጭቃው ላይ ተንበርክከው ሳሩን ዘረጉት። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ያንን ሳር የሚሻገር የለም። የተሻገረ ከሰው ይወጣል።

"ሳሩ ይኸው" አሉኝ። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። "ተሻገረውና እንይህ።"

ገጀራው እጄ ላይ ነው። ወንድሜ ከሳሩ ማዶ አንድ ክንዱን አቅፎ ተኝቷል። ሳሩን አየሁት። ከጭቃ ጋር የተነቀለ ተራ ሳር ነው። ገጀራውን ቦዩ ውስጥ ወረወርኩት።

ዱቡሻ ላይ፣ ማለትም ሽማግሌዎች ለዳኝነት በሚቀመጡበት ሜዳ፣ የተጠራነው በሳምንቱ ነው። ወንድሜ ክንዱ በጄሶ ታስሮ፣ ሚስቱ የጤና ጣቢያውን የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ እየተከታተለች መጡ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ውሻዋ ትገደል። ሰው ነክሳለች። ክንዱን ይቅር እለዋለሁ፣ ውሻዋን ግን አልልም አለ። እኔም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አትሞትም። ውሻዋ ክሊኒኩ ክትባቷን ወስዳለች፣ ያሳበዳት እሱ ነው አልኩ። መድኃኒቱን፣ ሚጥሚጣውን፣ ዱላውን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት።

ሽማግሌዎቹ ሰምተው ሲያበቁ ግን ጎሜ ጠየቁ። ጎሜ ሰው ሠርቶ የሸሸገው ጥፋት ነው፤ ሳይወጣ የተገባ ዕርቅ አይጸናም፣ ከብት ይጨርሳል፣ ልጅ ያሳምማል ይባላል። ስለዚህ ከሳሽም ይጠየቃል።

"አንተስ?" አሉኝ ሳር የያዙት ሽማግሌ። "በዚህች ውሻ ያንተ የለበትም?"

ለሐኪሟ የዋሸሁትን እዚህ መዋሸት አልቻልኩም። አንድ ዓመት ገርፌአታለሁ አልኩ። ሚጥሚጣውንም እኔ ነኝ የጀመርኩት። የዕቃ ቤቱን፣ ጎኗን መምታቴን፣ ጭራዋን ተናገርኩ። ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።

"ይኸው" አለ ወንድሜ። "ይኸው ጻድቁ።"

"አንተ ዝም በል" አሉት። "ያንተን አሁን ሰምተናል።"

ተነጋግረው መለሱልን። ውሻዋ ላይ የፈረዱት እንዲህ ነው። ያበላሻችኋት ሁለታችሁም ናችሁ፤ ስለዚህ ዛሬ አትሞትም። የተነከሰች ሴት ግን አለች፤ ስለዚህ ዝም ብላም አትኖርም። መድኃኒቱ እንደገና ይጀመር፤ ሐኪሟ የምትለው ወር ተኩል ይሞላ። ያን ጊዜ ወንድምህ ግቢህ ገብቶ፣ እሷ ሳትታሰር፣ በአጠገቧ ያልፋል። ካልነከሰችው ትኖራለች። ከነከሰችው በዚያው ሰዓት በገዛ እጅህ ትገድላታለህ። ሌላ ሰው አይገድልልህም።

"እሺ" አልኩ።

ያ ወር ተኩል ከለቅሶው የከፋ ነበር። ሐኪሟ መጥታ አይታት፣ ክኒኑን ከትንሽ ጀምሮ ከፍ እያደረግን እንድንሰጥ አዘዘች። "ዱላ?" ብላ ጠየቀችኝ። "እኔ አይደለሁም" አልኳት፤ "አሁን" ብዬ ጨመርኩ። አየችኝና ቦርሳዋን አነሳች።

ኩርኩፋውን በረጅም እንጨት እየገፋሁ ነበር የማቀርብላት። በሁለተኛው ሳምንት እንጨቱን ትቼ በእጄ ሰጠኋት፤ አውራ ጣቴን እስከ አጥንቱ ነከሰችው። ቀኝ እጄ ተነሳ። ተነስቶ እላይ ቀረ። እሷ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ምቱን ትጠብቃለች። ዞሬ የዕቃ ቤቱን ምሰሶ ደበደብኩት። የእጄ አንጓዎች ተሰነጣጥቀው ደም እስኪወርድ ድረስ መታሁት። ሚስቴ ከማድ ቤት ወጥታ አየችኝ።

"ምሰሶው ምን አደረገህ?" አለች።

"ዝም በይ።"

"እሷን አለመምታትህን ነው ያየሁት። ና እጅህን ላጥበው።"

በአራተኛው ሳምንት ከእጄ መብላት ጀመረች። በአምስተኛው አንድ ከሰዓት ነጎድጓድ መጣ፤ ጮኸች፣ ግን በሩን አልበላችም። በጎኗ ግን አልተኛችም። ቀኑ ሲደርስ ዝግጁ መሆኗን አላውቅም ነበር። ሐኪሟም አታውቅም። "ተስፋ አለኝ ጋሼ፣ ማረጋገጫ ግን የለኝም" ነው ያለችኝ።

በቀጠሮው ጠዋት ክኒኗን ሰጠኋት። ገመድና ከባዱን ዶማ አውጥቼ ግድግዳው ላይ አቆምኩ። ሰንሰለቱን ፈታሁ። ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆሙ። ወንድሜ ክንዱ ተፈትቶለት፣ ያንኑ የወይራ ዱላ ይዞ መጣ።

"ዱላውን ተው" አሉት ሽማግሌው።

"ብትነክሰኝስ?"

"ብትነክስህ እሱ ይገድላታል። ስምምነቱ እሱ ነው። በዱላ ካስፈራራሃት የፈተንነው ዱላውን ነው።"

ወንድሜ ዱላውን ከአጥሩ ውጭ ጣለው። ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ፈርቷል። እንደዚያ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ገባ። አራት እርምጃ ሲራመድ አየችው። የጀርባዋ ፀጉር ከአንገቷ እስከ ቆራጣ ጭራዋ ቆመ። ጥርሷ ታየ፤ የቀሩት ጥርሶቿ። ከደረቷ የሚወጣ ድምፅ ነበር። እጄ ዶማው ላይ ነው፤ እጀታው ላብ ሆኗል። እሱ ወደፊት ነው የሚሄደው፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ክንድ በሚያህል ርቀት አጠገቧ ደረሰ። ሸናች። እየተንቀጠቀጠች ወደ ኋላ ሄደች፣ ጀርባዋ ግድግዳው ጋ ደረሰ፣ ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። እዚያ ነው አበቃላት ብዬ ዶማውን ያነሳሁት። እሷ ግን ፊቷን ከእሱ መልሳ ወደ ግድግዳው አደረገች። ግንባሯን የግድግዳው ጭቃ ላይ ለጥፋ ቆመች። እሱ አለፈ።

ከማዶ ጫፍ ደርሶ ዞረ። እጁን ወደሷ ዘረጋ፤ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

"አትንካት" አልኩት።

እጁን መለሰ።

"በቃ" አሉ ሽማግሌው። "አልነከሰችውም። በዚህ ነገር ከእንግዲህ የሚከስም የሚመታም የለም።" ሳር በሁለታችን እጅ አስያዙን። ያዝን። እሱ ወጥቶ ሄደ፣ ዱላውንም ከአጥሩ ውጭ ትቶት ሄደ። እኔ ዶማውን መልሼ ዕቃ ቤት አስገባሁ። ከወንድሜ ጋር ዛሬም የምንነጋገረው ስለ ቦዩ ውሃ ተራ ብቻ ነው።

ውሻዋ የተፈተነችበት ያ ቀን ሐምሌ ሁለት ነበር።